«የሚቀጥረን ስለ አጣን»፦ ስለ ፍትሕ ስብከት ለሚያዘጋጁ

ጎንደር ላይ ስለ ድሃ መስበክ ቀላል ነው። ስለ ደመወዝ መስበክ ግን ይከብዳል። ስለ ድሃ ስትሰብኩ ጉባኤው «አሜን» ይላል፤ ሲወጣም በር ላይ ለተቀመጡት የኔ ቢጤዎች ዝርዝር ብር ይሰጣል። ስለ ደመወዝ ስትሰብኩ አንዱ አንገቱን ይደፋል፣ ሌላው ስልኩን ያወጣል። ከጉባኤው በኋላ ደግሞ አንድ የተከበሩ ሰው ወደ ጥግ ጠርተው «ዛሬ ወንጌሉን ትተህ ወዴት ገባህ?» ይላሉ።

ይህ መመሪያ ለሁለተኛው ስብከት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ፣ በማታ ጉባኤ ተራ ለሚደርሳቸው፣ በአጥቢያ ስብከተ ወንጌል ለሚያገለግሉ ነው የጻፍኩት። እኔ የማውቀው የኦርቶዶክሱን ቤት ስለሆነ ምሳሌዎቼ ከዚያው ናቸው። የሌላ ቤተ እምነት ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ የሚጠቅማቸውን ይውሰዱ።

በውጭው ዓለም እንዲህ ያለውን ስብከት «ተራማጅ» ይሉታል። እዚህ ቃሉን ባትነኩት ይሻላል። «ተራማጅ» ሲባል የትልልቆቹ ሰዎች ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ስድሳዎቹ መፈክር ነው። ከመፈክሩ በኋላ የመጣውን ቀይ ሽብር ደግሞ ጎንደር መቼም አትረሳውም። ስሙን ተዉት፤ ነገሩን ያዙ። ነገሩ ከአሞጽ ጀምሮ የነበረ ነው። አሞጽ ላም ጠባቂና የወርካ ፍሬ ለቃሚ ነበር። የተናገረው ስለ ሚዛን ነው፤ መስፈሪያ ስለሚያሳንስ፣ ዋጋ ስለሚያበዛ፣ የስንዴውን ግርድ ለድሃ ስለሚሸጥ ነጋዴ። ቅዳሜ ገበያ የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ከመነሻው እንለይ። ምጽዋት ከእናንተ ኪስ ነው። ደመወዝ ግን የሠራተኛው ነው፤ እናንተ ኪስ ውስጥ ያደረው ያለ ቦታው ነው። ሁለቱን አደባልቃችሁ ከሰበካችሁ ሰው የበላውን ደመወዝ በምጽዋት ያወራርዳል።

መጀመሪያ፦ የራሳችሁን ዕዳ ክፈሉ

ይህን ከራሴ ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ያዕቆብ ምዕራፍ 5ን ይዤ ተነሣሁ። የአጫጆቹ ደመወዝ ተይዞ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ እንደገባ የሚናገረውን ክፍል ማለት ነው። ሌሊት ድረስ ጻፍኩ። ቅዳሜ ማታ ሰበክሁ። ጥሩ ነበር፤ እልልታም ነበረው። በማግሥቱ ልብሳችንን የሚያጥቡልን እትዬ በር ላይ አገኙኝ።

«ልጀ፣ ስብከትህ አንጀት ያርሳል» አሉኝ። «የሁለት ወሩንስ መቼ ትሰጠኛለህ?»

በክፋት አልነበረም የያዝኩት። ረስቼው ነበር። እሳቸው ግን አልረሱትም፤ የቤት ኪራይ ነበረባቸው።

ስለዚህ ጥቅስ ከመምረጣችሁ በፊት ወረቀት አውጡ። ለእናንተ የሚሠራ ማን አለ? የቤት ሠራተኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ዘበኛ፣ አጥር ያጠረላችሁ፣ ውኃ በጄሪካን የሚያመጣላችሁ ልጅ። ለእያንዳንዳቸው ስንት ትከፍላላችሁ? መቼ? ዕረፍታቸው መቼ ነው? የቤት ሠራተኛችሁ እሑድ ታስቀድሳለች ወይስ እናንተ ስታስቀድሱ እሷ ወጥ ትሠራለች? «ሕጉ ይፈቅዳል» ማለት እዚህ ብዙም አያወጣም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ለብቻው ደንብ ትቶታል። ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም የለም። ይህ ማለት ለቤት ሠራተኛዋ ሕጉ እናንተ ናችሁ።

ዕዳ ካለ ክፈሉ። ከዚያ ጥቅስ ምረጡ።

ጥቅሱን ከግጻዌው አውጡ

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሚናገረውን መጀመሪያ ይወስናል፤ ከዚያ ጥቅስ ፍለጋ ይገባል። ሰሚው ይነቃል። የራሳችሁን ብሶት በመጽሐፍ ቅዱስ እንደጠቀለላችሁ ይገባዋል። በግጻዌ፣ ማለትም የየዕለቱ ምንባብ በተመደበበት መጽሐፍ የተያዘ ክፍል ላይ ቆማችሁ ስትናገሩ ግን «ከየት አመጣኸው?» የሚላችሁ የለም። ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ናት ያመጣችው።

ዐቢይ ጾም ለዚህ የተመቸ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ምኩራብ ነው፤ ጌታ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ የገለበጠበት። አራተኛው መጻጉዕ ነው፤ 38 ዓመት አልጋ ላይ የኖረው ሰው። ስድስተኛው ገብር ኄር ነው፤ በመክሊቱ ያተረፈው ታማኝ አገልጋይ። ጾሙ ራሱ ደግሞ ከኢሳይያስ 58 አይለይም። እግዚአብሔር «የመረጥኩት ጾም ይህ አይደለምን?» ብሎ የበደልን እስራት መፍታትን፣ የተገፋውን ነጻ ማውጣትን የሚዘረዝርበት ክፍል ነው። ሥጋና ቅቤ መተዉን ሁላችን እናውቅበታለን።

እኔ ለዚህ መመሪያ የመረጥኩት ማቴዎስ 20 ነው፤ የወይኑ ቦታ ሠራተኞች።

ወደ ቦታው ሂዱ

ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይህ ነው። የሚዘለለውም ይኸው ነው።

ማቴዎስ 20 አደባባይ ቆመው ሥራ ስለሚጠብቁ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ አደባባይ በየከተማው አለ። ጎንደርም መንገድ ዳር፣ ግንባታ በሚበዛበት አካባቢ ታገኙታላችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሂዱ። ጋቢ ልበሱ፤ ይበርዳል። ማስታወሻ ደብተር አታውጡ፣ ፎቶም አታንሡ። ሻይ የምትሸጥ ሴት ካለች ሻይ አዝዛችሁ ተቀመጡ።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች አካፋ፣ መዶሻ፣ ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ቆመዋል። ማዳበሪያው ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ትከሻ ላይ አጥፈው ብሎኬት ይሸከሙበታል። አንድ አይሱዙ መጣ። ገና ሳይቆም ሁሉም ሮጠ። ከጋቢናው አንድ እጅ ወጣና ሁለት ጣት አሳየ። «ሁለት ሰው! ሁለት ብቻ!» አሥር ሰው ወጣበት። ስምንቱን አወረዷቸው። ያወረዷቸው እንዴት መርጠው መሰላችሁ? ክንድ እየነኩ።

3 ሰዓት ሲሆን ግማሹ ሄዷል። 5 ሰዓት ላይ ሰባት ሰው ቀረ። እነዚያን ሰባቱን አየኋቸው። አንዱ ሽበታም ናቸው። አንዱ እግሩን ይጎትታል። ሁለቱ ገና ልጆች ናቸው፤ ከገጠር ከመጡ ሳምንት አልሞላቸውም። ከሽማግሌው አጠገብ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ዛሬም አልተሳካም?»

«ጡንቻ ነው የሚያዩ ልጀ። እኔን ማን ይነካኛል?»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ሠርቻለሁ፤ እግዜር ይመስገን። ብሩን ነገ ና አሉኝ። ነገ ማለት ዛሬ ነው። ብሄድ ደግሞ የዛሬው ሥራ ያልፈኛል።»

ይህን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቡት። የተያዘ ደመወዝ ዳግመኛ እንደሚሰርቅ አንድም መጽሐፍ እንዲህ አላስረዳኝም። ብሩን ፍለጋ የሚሄድበት ቀን ያለ ሥራ የሚያልፍ ቀን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሰውየውን ስም፣ የአሠሪውን ስም፣ ሰፈሩን ስብከት ላይ አትጥሩ። ሽማግሌው በናንተ ስብከት ምክንያት ነገ ከአይሱዙው መውረድ የለባቸውም።

ተመልሳችሁ ጽሑፉን አንብቡ

አሁን ማቴዎስ 20ን ክፈቱት። የተለየ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። የወይኑ ጌታ ማልዶ ወጣ፤ ደግሞ በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓት፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ በመጨረሻም በአሥራ አንድ ሰዓት። የፈረንጅ ሰባኪ እዚህ ላይ ቆሞ «ሦስት ሰዓት ማለት በእኛ አቆጣጠር...» እያለ ማስረዳት አለበት። እናንተ አያስፈልጋችሁም። የእኛ ሰዓት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሱ ለሰሚው ጥላው ይታየዋል።

ቀጥሎ ጥያቄውን እዩ። «ስለ ምን ሥራ ፈትታችሁ ቀኑን ሁሉ በዚህ ትቆማላችሁ?» እኛ ብዙ ጊዜ ይህን እንደ ተግሣጽ እናነበዋለን። «ሰነፎች!» እንደማለት። መልሳቸው ግን «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» የሚል ነው። የወይኑ ጌታም «ውሸት ነው» አላለም። አመናቸው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የቆዩት እነማን እንደሆኑ እናንተ አሁን አይታችኋል። ክንዳቸው ተነክቶ የተተዉት ናቸው።

ሦስተኛው ክፍያው ነው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። ለመጨረሻዎቹም ያው አንድ ዲናር ተሰጣቸው። ትርጓሜው ስለ መንግሥተ ሰማያት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ዘግይቶ የተመለሰም እንደ ቀደመው ይቀበላል። ይህን አትተዉት። ትርጓሜውን ጥሎ ወደ ደመወዝ የሚሮጥ ሰባኪ ያንን የተከበሩ ሰው «ወንጌሉን ትተሃል» ለማለት መብት ይሰጣቸዋል። ግን ጌታ ምሳሌውን ከደመወዝ የወሰደው በከንቱ አይደለም። አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ልጆችም ሙሉ ቀን ይርባቸዋል።

አራተኛውን አብዛኛው ሰው አያየውም። «በመሸም ጊዜ» ነው የከፈለው። ይህ የኦሪት ሕግ ነው። ዘዳግም 24 ለድሃው ሠራተኛ ደመወዙን በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ እንድትሰጥ ያዛል። «ነገ ና» የሚለው ቃል በወይኑ ጌታ አፍ ውስጥ የለም።

ይኸው። ስብከታችሁ ተገኘ።

አባቶችን ጥሩ

የብቻችሁን አትናገሩ። ጥሩው ነገር፣ ሰሚው አባቶችን በስም ያውቃቸዋል። ቅዳሴ ባስልዮስ አለ፣ ቅዳሴ ዮሐንስ አፈወርቅ አለ። ቅዳሴያቸውን እንሰማለን፤ ስብከታቸውን ግን ብዙም አልሰማንም።

ባስልዮስ የቂሳርያ ጳጳስ ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን በአገሩ ጽኑ ረኃብ ሲገባ «ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ» ስላለው ባለጸጋ ሰበከ። በሣጥንህ የሚሻገተው ልብስ የታረዘው ነው፤ የያዝከው እንጀራ የተራበው ነው የሚል መንፈስ ያለው ስብከት ነው። ከስብከት አላለፈም እንዳትሉ፣ ከከተማው ዳር ለበሽተኞችና ለድሆች ማረፊያ ሠራ። አፈወርቅ ደግሞ የክርስቶስን ሥጋ በቤተ መቅደስ በሐር አልብሰህ ውጭ ታርዞ አትተወው ብሎ አስተምሯል። መጨረሻውም ስደት ነበር። እ.ኤ.አ. በ407 በስደት ሳለ ዐረፈ።

ከቅርብ ዘመን ከፈለጋችሁ ሁለት ሰዎች ልጥቀስ። ማርቲን ሉተር ኪንግን ሰው ሁሉ «ሕልም አለኝ» በሚለው ንግግሩ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1968 ሜምፊስ ላይ ሲገደል ግን ወደዚያ የሄደው ለቆሻሻ አንሺዎች ነበር። ሁለት ሠራተኞች በቆሻሻ መኪና ተጨፍልቀው ሞተው ነበር። ጓደኞቻቸው «እኔ ሰው ነኝ» የሚል ጽሑፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አድማ መቱ። ከአገራችን ደግሞ የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉ። ነፍስና ሥጋን ለይቶ ማገልገል አይቻልም ብለው የተከራከሩ ናቸው። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1979 ገደላቸው። የእኛ ቤት አይደሉም ብሎ የሚከፋው ካለ ባስልዮስ ብቻውን ይበቃል።

አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ

ሃያ አምስት ደቂቃ አላችሁ እንበል። የኑሮ ውድነት፣ ሙስና፣ ሥራ አጥነት፣ የመብራትና የውኃ ነገር ሁሉ አፋችሁ ላይ ይመጣል። ተዉት። ሰሚው ሁሉንም ያውቃል፤ ሁሉም በሌላ ሰው ጥፋት ነው። እሱም ራሱን እየነቀነቀ ቤቱ ይገባል።

ምርጫዬ ይህ ነው፦ ጉባኤው ውስጥ የሌለን ሰው አትውቀሱ። ባለሥልጣኑ እዚያ የለም። ኮንትራክተሩ ግን አለ። ሆቴል ያላት ሴትዮ አለች። ለመሠረት ቁፋሮ ሦስት ልጆች ቀጥሮ የነበረው መምህር አለ። ዓምዱን ተደግፎ የቆመው የቀን ሠራተኛም አለ። ሁለቱም እኩል እንዲሰሙ አድርጋችሁ ተናገሩ። አንዱን ለማሳፈር ሌላውን ለማስጨብጨብ ከሆነ ስብሰባ ነው እንጂ ስብከት አይደለም።

አጀማመሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በስመ አብ ብላችሁ፣ ምንባቡን አንብባችሁ፣ «በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት ከቀን ሠራተኞች ጋር ቆሜ ነበር» በሉ። ያያችሁትን ንገሩ። ክንድ እየተነካ እንደሚመረጥ። አትጩኹ። ማይኩ ጮኾ ይበቃል። ከዚያ ወደ አሥራ አንድ ሰዓቱ ሂዱ። የራሳችሁን የሁለት ወር ዕዳም ተናገሩ። እኔ የእትዬን ነገር ስናገር ነው ሰው መጀመሪያ ቀና ያለው።

ማር እንዳይመርባችሁ

ፓርቲ አታንሡ። ብሔር አታንሡ። በዚህ ዘመን አንድ ያልታሰበ ቃል ደም ያፈሳል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ እሱም ባይኖር እንኳ መድረኩ የእናንተ አይደለም። ከደብሩ አስተዳዳሪ ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ። «ስለ ደመወዝ አስተምራለሁ» በሏቸው። ከሰው ከሚሰሙ ከእናንተ ይስሙ።

የኔ ቢጤዎችን ማስተማሪያ አታድርጉ። በር ላይ ያሉት ድምፅ ማጉያውን ይሰማሉ።

ሌላ ርእስ ከፈለጋችሁ

ለመጻጉዕ እሑድ የሚሆን አንድ አለኝ። በሰሊጥ ጊዜ ከደጋው ብዙ ሰው ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። አዝመራው ላይ ሜዳ ያድራል። ሌሊት የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። ካላዛር ከዚያ ይመጣል፤ ጣፊያ ያሳብጣል፣ ካልታከመ ይገድላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለው። ሆስፒታል የተኛ ሁሉ ያውቃል፤ ያለ አስታማሚ መተኛት ሌላ በሽታ ነው። መድኃኒት የሚገዛ፣ ምግብ የሚያመጣ፣ ደግፎ የሚያስነሣ ሰው ይፈልጋል። ከሩቅ ወረዳ የመጣው ልጅ ግን ማንም የለውም። መጻጉዕ ጌታን ምን አለው? «ሰው የለኝም»። በዚህ ስብከት መጨረሻ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ወጣቶች በተራ አስታማሚ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ቀጥሎ ግን «ሰሊጡን ያበቀለው ሰው ለምን ሜዳ ያድራል?» ብላችሁ ጠይቁ። አጎበርና መጠለያ የማን ግዴታ ነው? ምጽዋቱ አልቆ ፍትሑ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ስለ ባለ እጆች ነው። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን «ቡዳ» ብለን ስንት ዘመን ኖርን። ሸክላ ይሠሩ የነበሩት የቤተ እስራኤሎች መንደር ወለቃ ቅርብ ናት፤ እነሱ በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ ስድቡ ግን እዚሁ ቀርቷል። ማርቆስ 6 ጌታን «ጸራቢ» ይለዋል። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። ይህን ርእስ የምትይዙ ከሆነ ትልልቅ ሰዎችን በትዕግሥት ስሙ። ብዙዎቹ ስድቡን ከእናታቸው ነው የተማሩት።

መጨረሻው ላይ የሚሠራ ነገር ስጡ

«ፍትሕን እንውደድ» ብላችሁ አትውረዱ። እስከሚቀጥለው እሑድ የሚሠራ ነገር ስጡ። እኔ ሦስት ነገር ጠይቄ አውቃለሁ፤ አንዱ ብቻ ነው የሠራው። የሠራው ይህ ነው፦ የቀን ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ከ12 ሰዓት በፊት ይክፈል። በቃ። ለሰንበቴውና ለጽዋ ማኅበሩም ይኸው እንዲነሣ አደረግን። ሰንበቴ ላይ ሰው ዳቦውን እየቆረሰ «አንተ እኮ ለእገሌ አልከፈልክም» ይባባላል። ከኔ ስብከት የበለጠ የሠራው ያ ነው።

ያ የተከበሩ ሰው ጥግ ሲጠሯችሁ አትከራከሩ። ዘዳግም 24ን አብራችሁ አንብቡ። ያስቀየማቸው ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ እውነት አላቸው። ኮንትራክተሩ ራሱ ክፍያ ሳይለቀቅለት ሦስት ወር የከረመ ሊሆን ይችላል። ይህንንም ለሚቀጥለው ስብከት ያዙት፤ ከላይ የተያዘ ገንዘብ ታች ያለውን ነው የሚያስርበው።

ሰኞ ጠዋት ወደ አደባባዩ ተመለሱ። እኔ ተመልሼ ነበር። ሽማግሌውን እዚያው አገኘኋቸው። ሰው እንዴት እንደሰማ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ስንት ሰው እንደነበረ ነገርኳቸው። ሻያቸውን ፉት አሉና አዩኝ።

«ደግ ነው ልጀ» አሉ። «ብሩንስ ሰጡ?»